ሁሉም አንድ ፓርቲ የሚመርጥባት ትንሽ ከተማ

ታኮማ ፓርክን ከዋሽንግተን ዲሲ የሚለያት አንድ መንገድ ነው። ከመንገዱ ወዲህ የቆመ ሰው በዲሲ፣ ማዶ የተሻገረው በሜሪላንድ ግዛት ሕግ ይተዳደራል። ከተማዋ አምስት ካሬ ኪሎ ሜትር ከምታህል ቦታ ብዙም አትበልጥም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በተካሄደው ቆጠራ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 17,629 ነዋሪዎች ተገኝተውባታል። አጠገቧ በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስሟን የሚያውቃት ሲልቨር ስፕሪንግ አለች። በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከአሥር የታኮማ ፓርክ መራጮች ከዘጠኝ የማያንሱት ለዴሞክራቶች ድምፅ ይሰጣሉ። በዚህም ምክንያት ከተማዋን «የታኮማ ፓርክ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» እያሉ የሚጠሯት አሉ፤ በግራ ዘመም ፖለቲካው ከሚታወቀው ከካሊፎርኒያው በርክሌይ ጋር የሚያመሳስሏትም ብዙ ናቸው።

ሁሉም አንድ ፓርቲ የሚመርጥበት ቦታ ፖለቲካው ያለቀለት ይመስላል። የታኮማ ፓርክ ታሪክ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። ሪፐብሊካን ወይስ ዴሞክራት የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ሌሎች ጥያቄዎች ቦታውን ይዘዋል፦ መራጭ የሚባለው ማን ነው? የመምረጥ መብት ካገኙትስ ውስጥ በምርጫው ቀን በእርግጥ የሚመርጠው ማን ነው?

ከተማዋን የወለዳት የባቡር ሐዲድ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊልበርት የተባለ የመሬት ነጋዴ በ1883 ከዲሲ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሚወስደው ሐዲድ ዳር ሰፊ መሬት ገዝቶ እየሸነሸነ መሸጥ ጀመረ። ቦታው ከፍታ ላይ ስለሆነ ነፋሻ ነው፤ ውኃውም ንጹሕ ነበር። የዲሲ በጋ በሙቀቱና በወባው የሚፈራ ስለነበር ጊልበርት ለመንግሥት ሠራተኞች ያቀረበው ቀኑን መሥሪያ ቤት ውለው ማታ ንጹሕ አየር ወዳለበት ቤታቸው በባቡር የሚመለሱበትን ኑሮ ነው። በ1890 የሜሪላንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ከተማ ሆነ፣ የመጀመሪያው ከንቲባም ራሱ ጊልበርት ሆነ። ከመንገዱ በስተዲሲ የቀረው ክፍል ዛሬም ታኮማ ተብሎ የሚጠራ የዲሲ ሰፈር ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ዋና መሥሪያ ቤቱን ከሚሺጋን ወደዚህ አዛወረ። ኮሌጅና ሆስፒታልም ከፈተ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ በ1989 ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እስኪዛወር ድረስ የከተማዋ ትልቁ ተቋም እሱ ነበር። ስለዚህ ታኮማ ፓርክ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸጥተኛና ሃይማኖተኛ የቤተሰብ ሰፈር ነበረች። የዛሬውን መልኳን አይቶ ያን ዘመን መገመት ያስቸግራል።

መልኳን የለወጠው አንድ ያልተሠራ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ የመንግሥት ዕቅድ አውጪዎች ከሜሪላንድ ወደ ዲሲ እምብርት የሚዘልቅ ሰፊ ፈጣን መንገድ ነደፉ። መንገዱ ታኮማን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ፣ ብዙ ቤት አፍርሶ፣ በስተደቡብ ባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች በኩል እንዲያልፍ ነበር የታሰበው። ተቃውሞውን ካስተባበሩት ዋነኛው በሥዕልና በኅትመት ሥራ ይተዳደር የነበረው ሳም አቦት ነው። አቦት የታኮማን ነጭ የቤት ባለቤቶችና የዲሲን ጥቁር ነዋሪዎች በአንድ ሰልፍ አሰለፈ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ኅብረት እንግዳ ነገር ነበር። መንገዱ ቀረ። በ1978 የሜትሮ ባቡር የታኮማ ጣቢያ ተከፈተና ያለ መኪና መኖር ተቻለ። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማዋ የገባው ሰው ያን ትግል እያወቀና እየወደደ የመጣ ነው፦ መምህራን፣ የመንግሥትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሠራተኞች፣ አርቲስቶች፣ የጦርነት ተቃዋሚዎች። የአንድ ሰፈር የፖለቲካ ዝንባሌ እንዲህ ነው የሚጠነክረው። ሰው ቤት ሲፈልግ ከዋጋው ጋር ጎረቤቱንም ይመርጣል፤ አዲስ የሚመጣውም ቀድሞ ከሰፈረው ጋር የሚመሳሰል ይሆናል።

አቦት በ1980 ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። በሱ ዘመን፣ በ1983፣ ምክር ቤቱ ከተማዋን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ የሆነች ቀጠና አድርጎ አወጀ። አዋጁ ለታይታ የወጣ አልነበረም። የከተማው አስተዳደር የኒውክሌር መሣሪያ ሥራ ውስጥ ካለ ኩባንያ ዕቃ እንዳይገዛ ይከለክላል፣ አፈጻጸሙን የሚከታተልም ኮሚቴ ተቋቁሞለት ነበር። በ2012 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲል ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ልዩ ፈቃድ መስጠት ግድ ሆኖበታል። በ1985 ደግሞ ከተማዋ ከማዕከላዊ አሜሪካ ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ስደተኞች መጠለያ ሆነች፤ የከተማው ሠራተኞችና ፖሊሶች የሰውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዳይጠይቁ ተከለከሉ። በዚያው ዓመት አቦት በጣት በሚቆጠር የድምፅ ልዩነት ተሸንፎ ከሥልጣን ወረደ። ትንሽ ከተማ ውስጥ የአንድ ፎቅ ነዋሪ ወጥቶ መምረጡ ወይም ቤቱ መዋሉ ከንቲባ ይሾማል፣ ይሽራል።

በዙሪያዋ ያለው አገር ያን ጊዜ እንደሷ አልነበረም። ታኮማ ፓርክ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሀብታምና የተማረ ሕዝብ የሚኖርበት ሲሆን፣ በ1984 ሮናልድ ሬገን በጠባብ ልዩነት አሸንፎበታል። ኮኒ ሞሬላ የተባሉ ለዘብተኛ ሪፐብሊካን ሴት ከ1987 እስከ 2003 መጀመሪያ የካውንቲውን ትልቅ ክፍል ወክለው ኮንግረስ ተቀምጠዋል፤ በፕሬዚዳንት ምርጫ ዴሞክራት የሚመርጠው ሰው ለኮንግረስ እሳቸውን ይመርጥ ነበር። ይህን መሰሉ ድምፅን ለሁለት የመክፈል ልማድ እየቀረ የሄደው ሁለቱ ፓርቲዎች በመላ አገሪቱ እየተራራቁ ሲሄዱ ነው። የምርጫ ክልሉ ድንበር ብዙ ዴሞክራቶችን እንዲጨምር ሆኖ ተከለሰ፤ በ2002 ሞሬላ በክሪስ ቫን ሆለን ተሸነፉ። በ2020 ጆ ባይደን ከካውንቲው ድምፅ 79 በመቶ ገደማ ሲያገኙ ዶናልድ ትራምፕ ያገኙት 19 በመቶ ገደማ ነበር። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ካውንቲው ተገልብጧል ማለት ነው። በከፊል ነዋሪው ተለውጧል፤ ከእስያ፣ ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካ የመጣው ብዙ ነው። በከፊል ደግሞ ሪፐብሊካን የነበረው የተማረ ነጭ ነዋሪ ራሱ ፓርቲውን ትቷል።

አንድ ፓርቲ እንዲህ ሲያይል እውነተኛው ውድድር ፓርቲዎቹ ዕጩዎቻቸውን ወደሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ይዛወራል። የዴሞክራቶቹን ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ሰው የኅዳሩን ምርጫ አሸንፏል ማለት ይቻላል። የታኮማ ፓርክ ነዋሪ የሆኑት የሕገ መንግሥት መምህሩ ጄሚ ራስኪን በ2006 ለግዛቱ ሴኔት ሲወዳደሩ የረቱት የገዛ ፓርቲያቸውን ነባር ሴናተር ነው። በ2016 ወደ ኮንግረስ ሲገቡም ከባዱ ፈተና ዘጠኝ ዕጩዎች የተሰለፉበት ቅድመ ምርጫ ነበር። ከተፎካካሪዎቻቸው አንዱ ነጋዴው ዴቪድ ትሮን ከኪሳቸው ከአሥራ ሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል፤ ራስኪን ከሦስት ድምፅ አንዱን ያህል አግኝተው አሸነፉ። የሜሪላንድ ቅድመ ምርጫ ለፓርቲው አባላት ብቻ ክፍት ነው። ዜግነት ወስዶ ለምርጫ ሲመዘገብ «የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም» የሚለውን ሳጥን የሚሞላ ሰው ብዙ ነው። ከፖለቲካ ለመራቅ ብሎ የሚያደርገው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ባለ አካባቢ ኮንግረስ የሚገባውን ሰው ከሚወስነው ድምፅ ራሱን አግልሏል።

የከተማው ምርጫ ከዚህ ይለያል። ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የፓርቲ ስም የለም። ከተማዋ በስድስት ወረዳዎች ትከፈላለች፤ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ የምክር ቤት አባል ይመርጣል፣ ከንቲባውን ሁሉም በአንድነት ይመርጣሉ። በዋሽንግተን የሚያጨቃጭቀው ጉዳይ እዚህ ሁሉንም የሚያስማማ ስለሆነ ክርክሩ ወደ ቤትና ወደ መሬት ይወርዳል። ከሁሉ የበለጠ የነዋሪውን ኪስ የሚነካው የኪራይ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አከራይ በዓመት ሊጨምር የሚችለውን ኪራይ ከዋጋ ንረት ጋር አያይዛ ወስናለች፤ ካውንቲው ተመሳሳይ ሕግ ያወጣው ገና በ2023 ነው። ገደቡ ባይኖር ኖሮ በዝቅተኛ ደሞዝ የሚተዳደረው ስደተኛ ቤተሰብ ሜትሮ አጠገብ ሊኖር ባልቻለ ነበር። ባለቤቶች ደግሞ ሕንፃው ለእድሳት የሚበቃ ገቢ አያገኝም ብለው ይከራከራሉ። ዛፍም የፖለቲካ ጉዳይ ነው። ሰው በገዛ ግቢው ያለውን ትልቅ ዛፍ ያለ ከተማው ፈቃድ መቁረጥ አይችልም፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ሊያስገጥም የፈለገና ጥላው እንዳይነካ የፈለገ ሁለት ጎረቤታሞች ሁለቱም ለአካባቢ ተቆርቋሪ ሆነው ይጣላሉ።

ታኮማ ጃንክሽን በሚባለው ስፍራ የከተማው ንብረት የሆነ የመኪና ማቆሚያ አለ። እሱ ላይ ሱቅና ቢሮ ይሠራ በሚለው ሐሳብ ነዋሪው ለዓመታት ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን ግብርና ሥራ ይመጣል ሲል፣ ሌላው ማቆሚያው አጠገብ ያለው የኅብረት ሥራ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ይጎዳል፣ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ኪራይ ይንራል አለ። ዕጩዎች በዚህ ጉዳይ በያዙት አቋም ተመረጡ፣ ወደቁም። ፕሮጀክቱም ሳይሠራ ቀረ። እንዲህ ባለው ክርክር ሁለቱም ወገን በፕሬዚዳንት ምርጫ ያንኑ ሰው የመረጠ ነው። የከተማዋ እውነተኛ የፖለቲካ መስመር ያለው በነባር ባለቤትና በተከራይ፣ በዝግታ ይሁንና ይሠራ በሚሉት መካከል ነው።

ታኮማ ፓርክን በመላ አሜሪካ ያስጠራት ግን የመራጭነት ጥያቄ ነው። ከ1990 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ የወረዳዎቹን ድንበር ለማስተካከል የተሰየመ ቡድን አንድ ነገር አስተዋለ። ሕጉ በሚጠይቀው መሠረት ወረዳዎቹ በነዋሪ ብዛት እኩል ቢሆኑም በመራጭ ብዛት በጣም ይራራቃሉ። ስደተኛ የሚበዛበት ወረዳ በጥቂት ዜጎች ድምፅ ብቻ የምክር ቤት አባል ይልካል፤ የቀረው ነዋሪ ሲቆጠር አለ፣ ሲመርጥ የለም። ኪራይ ይከፍላል፤ በኪራዩ ውስጥ የንብረት ግብር ይከፍላል፤ ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል፤ ቆሻሻው በማን ይነሣ፣ መንገዱ በማን ይጠረግ ሲባል ግን አይጠየቅም። «ድምፅን እንካፈል» በሚል መፈክር ዘመቻ ተጀመረ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ያኔ ወጣት የሕግ መምህር የነበሩት ራስኪን ናቸው። በኅዳር 1991 ጉዳዩ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። ግራ ዘመም በተባለችው ከተማ ውስጥ እንኳ ያለፈው ከመቶ ባነሰ የድምፅ ብልጫ ነው፤ ዜግነት ክብሩን ያጣል ብለው የሰጉ፣ በቅንነት የተቃወሙ ብዙ ነበሩ። በ1992 ምክር ቤቱ የከተማዋን ቻርተር አሻሽሎ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ሁሉ፣ ግሪን ካርድ ይኑረው አይኑረው፣ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ፈቀደ።

ይህን ማድረግ የተቻለው በሜሪላንድ ከተሞች የራሳቸውን ቻርተር የማሻሻል ሥልጣን ስላላቸው ነው። የግዛቱ ሕገ መንግሥት ዜግነትን የሚጠይቀው ለግዛቱ ምርጫ ነው፤ የከተማውን ምርጫ ለከተማው ይተዋል። ሐሳቡ ራሱም ለአሜሪካ አዲስ አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ግዛቶች ሰፋሪ ለመሳብ ሲሉ ዜጋ ያልሆነ ወንድ እንዲመርጥ ይፈቅዱ ነበር፤ ልማዱ ፈጽሞ የቀረው በ1926 ነው። ከታኮማ ፓርክ በኋላ ሃያትስቪልና ማውንት ሬኒየርን የመሳሰሉ የሜሪላንድ ትንንሽ ከተሞች ተከተሏት፤ ዲሲም በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። የኒው ዮርክ ከተማ ያወጣችው ሕግ ግን በግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2025 ተሽሯል።

ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚመርጥበት አሠራር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ይህም በአካባቢው የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ በቀጥታ የሚነካ ነው። የዜጎች የመራጭ መዝገብ በካውንቲውና በግዛቱ የምርጫ ቦርድ ይያዛል። ዜጋ ያልሆኑት የሚመዘገቡት ግን በከተማው ጽሕፈት ቤት፣ ለብቻው በተዘጋጀ መዝገብ ነው። ሁለቱ ከተምታቱ መዘዙ ከባድ ነው። በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠቱን ወንጀል አድርጎታል፤ ድርጊቱ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ «ለምርጫ መመዝገብ ይፈልጋሉ?» የሚለው ጥያቄ ዜጎችን ብቻ ይመለከታል፤ ሳያስተውል እሺ ያለ ሰው ሳያውቀው ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። የዜግነት ማመልከቻውም አመልካቹ መርጦ ወይም ለመምረጥ ተመዝግቦ እንደሆነ ይጠይቃል። በቅርብ ዓመታት የወጣው ቅጽ ዜጋ ላልሆኑ በተፈቀደ የአካባቢ ምርጫ ብቻ በሕጋዊ መንገድ የመረጠ ሰው «አይደለም» ብሎ መመለስ እንደሚችል ይገልጻል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን መብቱን በፍርሃት ይተዋል። የተመዘገቡት ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ቁጥር በጥቂት መቶዎች መወሰኑ፣ ከነሱም የሚመርጡት ከፊሎቹ ብቻ መሆናቸው የሚገርም አይደለም። መዝገብ ላይ ስምን ማስፈር ከነበሩበት አገር ጀምሮ የሚያስፈራቸው ሰዎች ናቸው።

በ2013 ከተማዋ ሌላ በር ከፈተች። ምክር ቤቱ በስድስት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ የመራጭነትን ዕድሜ ከ18 ወደ 16 አወረደ፤ ታኮማ ፓርክም ይህን ያደረገች በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ ሆነች። እስራታቸውን ጨርሰው በአመክሮ ላይ ያሉ ሰዎችም በከተማው ምርጫ እንዲመርጡ ተፈቀደ። በ1971 የጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 18 ዓመት የሞላውን መከልከል አይቻልም ይላል እንጂ ከዚያ በታች ላለው መፍቀድን አይከለክልም። የደጋፊዎቹ ዋና መከራከሪያ የልማድ ጉዳይ ነበር። 18 ዓመት ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ወይም ሥራ ሊፈልግ ከቤቱ የሚወጣበት ዕድሜ ነው፤ አዲስ አገር ገብቶ የት እንደሚመዘገብ አያውቅም። የ16 ዓመቱ ግን ከቤተሰቡ ጋር ነው፣ ሰፈሩን ያውቃል፣ በትምህርት ቤትም ስለ መንግሥት እየተማረ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር በተካሄደው ምርጫ ከተመዘገቡት የ16ና የ17 ዓመት ልጆች ከ40 በመቶ በላይ መረጡ፤ ከከተማዋ ተመዝጋቢዎች በአጠቃላይ የመረጠው 10 በመቶ ያህል ነበር። ልጆቹ በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ አዋቂዎቹን ግን በትጋት በለጧቸው።

ያ 10 በመቶ የከተማዋ የቆየ ቁስል ነው። ለነፃነት የሚሟገት፣ ለሰልፍ የሚወጣ ሕዝብ የራሱን ከንቲባ ለመምረጥ የማይወጣበት አንዱ ምክንያት የቀን መቁጠሪያው ነበር። የከተማው ምርጫ የሚካሄደው ፕሬዚዳንትም ኮንግረስም በማይመረጥበት ጎዶሎ ዓመት ስለነበር ማስታወቂያውም ወሬውም አነስተኛ ነበር። እንዲህ ባለ ምርጫ የሚወጣው የራሱ ቤት ያለው፣ ዕድሜው የገፋ፣ ብዙ የተማረ፣ የምክር ቤቱን አባል በስም የሚያውቅ ሰው ነው። ከ2020 ጀምሮ ምርጫው ከአገር አቀፉ ጋር በአንድ ቀን እንዲሆን ተደረገ፤ በዚያ ዓመትም በወረርሽኙ ምክንያት ድምፅ መስጫው በፖስታ ለየቤቱ ተላከ፤ የመራጩ ቁጥርም በእጅጉ ጨመረ። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ መራጩ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በምርጫው ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና የሱ መራጮች ሁለተኛ ምርጫ ይቆጠራል፤ ብዙ ዕጩ ሲቀርብ በጥቂት ድምፅ ማሸነፍ ቀርቷል።

በወረዳዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን አልጠፋም። ዛፍ ጥላ ሥር ያሉ አሮጌ የእንጨት ቤቶች የሞሉበት ወረዳ ብዙ ድምፅ ይሰጣል፤ የሜፕል ጎዳና ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች ያሉበት ወረዳ ያነሰ። በእነዚህ ፎቆች የኢትዮጵያ ተወላጆችም ይኖራሉ፤ ከተማዋም የምርጫ መረጃን ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽና በአማርኛም ታቀርባለች። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ ማታ ታክሲ የሚነዳ ወይም አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚንከባከብ ሰው ግን የምክር ቤት ስብሰባ በሚካሄድበት ምሽት ሥራ ላይ ነው። የሕንፃው በር በቁልፍ ካርድ ስለሚከፈት ዕጩ እንደ ሌላው ሰፈር ደጅ እያንኳኳ ራሱን ማስተዋወቅ ይከብደዋል። ተከራይ ቤት በቀየረ ቁጥር ምዝገባውን ማደስ አለበት፤ በምርጫው ቀን ጭምር መመዝገብ የተፈቀደውም ይህን ችግር ለማቃለል ነው። ያም ሆኖ በ2022 ታሊሻ ሰርሲ የከተማዋ የመጀመሪያዋ ጥቁር ከንቲባ ሆነው ተመርጠዋል፤ ይህ የሆነው ከተማዋ ከተቆረቆረች ከ130 ዓመት በላይ ቆይታ ነው። የወረዳዎቹ ድንበር በየአሥር ዓመቱ ሲከለስ የሜፕል ጎዳና ፎቆች ነዋሪ፣ መረጠም አልመረጠም፣ በነፍስ ወከፍ ይቆጠራል።